ያላዘዛት መስመር

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሌላው ሁሉ መጥረጊያው እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት አጠገቡ የሚቀመጠው ባልደረባው ነው፤ ያ ሰው ራሱ ኮምፒውተር የጠየቀውን ሁሉ «ምናለበት» እያለ እሺ ስለሚል ምናለበት ተብሎ ቀርቷል። ሁለቱ የአውቶቡስ ጉዞ ሰዓት የሚያወጣ ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይጋራሉ። በምናለበት በኩል የሻይ ብርጭቆ፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ ግማሽ ብስኩትና ባለቤቱ ያልታወቀ ካልሲ አለ። በመጥረጊያው በኩል ኮምፒውተር አለ። ሌላ ምንም የለም።

የመጥረጊያው ኩራት ግን ጠረጴዛው አይደለም፤ አንድ ፋይል ነው። ፕሮግራመር ኮዱን የሚጽፈው ኤዲተር በሚባል ፕሮግራም ላይ ነው። ኤዲተሩ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነበው የሴቲንግ ፋይል አለው፤ የፊደሉ መጠን ስንት ይሁን፣ መደቡ ጥቁር ይሁን ወይስ ነጭ፣ የትኛው ቁልፍ ምን ይሥራ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ሌላው ሰው ይህን ፋይል ከኢንተርኔት ገልብጦ ይረሳዋል። መጥረጊያው ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ አንድ በአንድ በገዛ እጁ ሲጽፈው ኖሯል። ሕጉ አንድ ናት፤ ምክንያቱ ከላዩ ያልተጻፈ መስመር እዚያ ፋይል ውስጥ አያድርም። «ጠቋሚው አይርገብገብ፤ የሚርገበገብ ነገር ሰውን ያጣድፋል።» «ሜኑ አይታይ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሜኑ አያይም።» «ፊደሉ አሥራ አንድ ይሁን፤ ከዚህ የሚበልጥ ለሕፃናት ነው።» እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ሲጨንቀው በሆዱ ይወጣዋል፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድሞ ሳይቀር።

ጠላቱም ያው ኤዲተሩ ነው። ይህ ኤዲተር አንድ ክፉ አመል አለው። ሰው በሜኑ በኩል አንድ ነገር ቀይሮ «አስቀምጥ» ካለው፣ ወይም «ይህን ፋይል ታምነዋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ፣ ሁልጊዜ» የሚል መልስ ካገኘ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ሴቲንግ ፋይሉ ይገባና መጨረሻው ላይ የራሱን መስመሮች ይደረድራል። ይባስ ብሎ ከላያቸው ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል፤ «ይህን በእጅ አትንካ፤ ከተሳሳትክ ይበላሻል።»

«በገዛ ቤቴ» ይላል መጥረጊያው ይህን ባየ ቁጥር። «በገዛ ቤቴ ገብቶ፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ፣ እንዳትነካኝ ይለኛል።»

«ምናለበት?» ይላል ምናለበት። «የሚያነበው እሱ፣ የሚጽፈው እሱ። አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«ፋይሉ የኔ ነዋ።»

«የኔ ፋይል መጨረሻው የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ይሠራል፣ አለቀ።»

መጥረጊያው እንዲህ ካለ ሰው ጋር አፍ አይካፈትም። ጠዋት ጠዋት ሻይ ከመቅመሱ በፊት ወደ ፋይሉ ግርጌ ይወርድና ኤዲተሩ ያስገባውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ነው ቀኑ ቀን የሚሆነው።

ቤቱም ከዚህ አይለይም። ሚስቱ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ስትፈታ ስለምትውል፣ ቤት ስትገባ እሷም ትጽፋለች፤ ግን በሚነበብ ጽሑፍ። «የቧንቧ ሠራተኛው ይጠራ።» «ለእናትህ ደውል።» «የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዝ።» ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ትለጥፋለች። እሱ ደግሞ የሚወደው ባዶ በር ነው። ወረቀቶቹን አንድም ሳይቀድ፣ ሳያጣጥፍ፣ በክብር ሰብስቦ ኩሽናው መሳቢያ ውስጥ ይከታቸዋል። ስትጠይቀው «አልጣልኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ አለ» ይላታል። መሳቢያው ከተሞላ ወዲህ ለማንበብ ተከፍቶ አያውቅም፤ ቧንቧውም ሳይጠገን ያንጠባጥባል።

የዓይን ሐኪሙ ወረቀት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ተለጥፏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መጥረጊያው ስልኩን የሚያነበው እጁን እስከ ጫፉ ዘርግቶ ነው። ኮምፒውተር ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይመለሳል፣ ዓይኑን ያጠብባል፣ ቅንድቡን ያሻሻል። ማታ ማታ ግንባሩን ይዞ ይገባል። አንድ ቀን የእግር ቅባት በጥርስ ብሩሹ ላይ ጨምቆ ወደ አፉ ሲወስደው ከእጁ የቀማችው ሚስቱ ናት።

«ዓይንህ ደክሟል» ትለዋለች። «ዕድሜ ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። መነጽር ታደርጋለህ፣ በቃ።»

«ዓይኔ ምንም አልሆነም። የዘንድሮ ስክሪን ብርሃኑ ነው የሚወጋው።»

«ቅባቱስ? እሱም ብርሃን አለው?»

«መንታ ይመስል ቱቦዎቹን አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጥሻቸው አንቺ ነሽ።»

ነገሩ የስክሪን ጉዳይ አለመሆኑን ራሱም ያውቃል። ፈርቶ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አንጋፋ ፕሮግራመር ነበሩ፤ መጥረጊያውን ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰኞ ወፍራም መነጽር አድርገው መጡ። ወሩ ሳያልቅ ስልክ ክፍል ተዛውረው፣ አውቶቡስ ቀረብን እያሉ የሚጮኹ ሰዎችን ማነጋገር ጀመሩ። ማንም ምክንያቱን አልተናገረም፣ መጥረጊያውም አልጠየቀም። ሁለቱን ነገር ራሱ ደምሮ በልቡ ያዘው፤ መነጽር ማለት ስልክ ክፍል ማለት ነው። ስልክ ክፍል ውስጥ ኤዲተር የለም። ኤዲተር ከሌለ ፋይሉ ምን ሊሠራ ነው? ፋይሉ ከሌለ ደግሞ እሱ ማን ሊባል ነው?

በዚህ መሃል ነው ኃላፊዋ ስብሰባ ጠርታ ዱብ ዕዳውን ያወረደችው፤ ለመጥረጊያው ግን ሲሳይ ነበር። ከአሁን በኋላ አዲስ የሚቀጠር ፕሮግራመር ሁሉ አንድ ወጥ የሴቲንግ ፋይል ይዞ ሥራ ይጀምራል አለች። እያንዳንዱ የራሱን እየጎተተ መምጣቱ ሰልችቷታል።

«ከመካከላችን የአንድ ሰው ፋይል እንመርጣለን። ንጹሕ ፋይል አለኝ ሲል የምሰማው አንድ ሰው ነው። መጥረጊያው...» አለችና ስሙን ለማስታወስ ትንሽ ቆማ ተስፋ ቆረጠች። «ሐሙስ ዕለት ለሁሉም ታሳየናለህ። ካሳመንከን የአንተ ይሆናል።»

ቀኑን ሙሉ ወለሉን ሳይረግጥ ነው የዋለው ማለት ይቻላል። የድርጅቱ ሰው ሁሉ በእሱ ፋይል ላይ ሆኖ ኮድ ሲጽፍ ታየው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ደፍሮ ስልክ ክፍል ይልከዋል?

ሚስቱም ዜናውን ሰምታ ደስ አላት። በዚያው ምሽት እሱ ገላውን ሲታጠብ ከቢሮ ይዞት የሚመላለሰው ኮምፒውተሩ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ጠጋ ብላ አየችው። ፊደሎቹ እሷ ቀኑን ሙሉ ስታነብ ከምትውለው የብልቃጥ ጽሑፍ ያንሳሉ። ይሄን ነው እንዴ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያፈጥበት ብላ አዘነች፤ ከዚያም ተናደደች። ስልኳን አንስታ ምናለበት ጋ ደወለች።

«የፊደሉን መጠን ማሳደግ ፈልጌ ነበር።»

«ቀላል ነው። ሜኑውን ክፈቺና...»

«ሜኑ የለውም።»

«አይ ይሄ ሰው። እሺ፣ የምነግርሽን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኚያቸው። የሴቲንግ ገጽ ይመጣልሻል። ቁጥሩን ቀይሪና ‹አስቀምጥ› በይው። ሲጠይቅሽ አትፍሪ፤ ዝም ብለሽ እሺ ማለት ነው።»

እሺ አለች። ኤዲተሩም እንደ አመሉ ሴቲንግ ፋይሉ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ጻፈ። ባሏ ይህን አላወቀም፤ ውኃው እየፈሰሰበት ፋይሉን በቃሉ ይወጣ ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ገብቶ ኤዲተሩን ሲከፍት አንድ ነገር ደስ አለው። ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባውም። አንድ ሙሉ ገጽ አንብቦ ሲጨርስ ነው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩም ሳይቋጠር እንደቆየ ያወቀው። ያኔ ደነገጠ። በጥድፊያ ወደ ፋይሉ ግርጌ ወረደ። የተፈራው አልቀረም። ኤዲተሩ የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነውና የኋለኛው ቃል ነው የሚጸናው፤ ከላይ በእጁ አሥራ አንድ ያለውን ከታች አንዱ ተነስቶ አሥራ ስምንት ብሎታል። ምክንያቱ ደግሞ አልተጻፈም። መጥረጊያው ጥርሱን ነክሶ አጠፋው። ኤዲተሩን ዘግቶ ሲከፍተው ፊደሎቹ እንደ ቀድሞው አንሰው ጠበቁት፣ እሱም እንደ ቀድሞው አንገቱን አስግጎ ሥራውን ቀጠለ።

ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረ።

«ኤዲተሩ ጭራሽ ፊደል ማሳደግ ጀምሯል። አዲስ አመል ነው።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?» አለች ሚስቱ ድስቱን እያማሰለች።

«ምኑ ነው ጥሩው? ከየት መጣሽ፣ ለምን መጣሽ የማትባል መስመር! ምክንያት ቢኖራት እሺ፤ አነባት ነበር። ምክንያት ያላትን መስመር አጥፍቼ አላውቅም።»

ማማሰሉን አቆመች። እኔ ነኝ ብትለው ጭቅጭቁ እስከ እራት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ዓይኔ ምንም አልሆነም ይላል፣ እሷ ቅባቱን ታነሳለች፣ እሱ ያኮርፋል። በራሱ ሕግ ከያዘችው ግን የት ይገባል? «እንዲያ ከሆነ እሺ» አለች በሆዷ።

ችግሩ መጥረጊያውም በበኩሉ ቆርጦ መነሳቱ ነው። በማግስቱ ቢሮ እንደገባ ከኤዲተሩ ጋር የመጨረሻውን መለያየት ተለያየ። ከዛሬ ጀምሮ ኤዲተሩ በራሱ ፈቃድ የሚጽፈው ነገር ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል ይሂድ ብሎ አዘዘ። የዋናው ፋይል ስም «ሴቲንግ» ስለሆነ ይሄኛውን «ሴቲንግ-ጓሮ» አለው። ሌሎች ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ ሁለተኛ መስመር ያስከትላሉ፤ «ስትነሳ ጓሮውንም አንብበው» የምትል። አለበለዚያ የተጻፈው ሁሉ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። መጥረጊያው ሆን ብሎ ይህቺን መስመር አላስገባም። ምክንያቱን ግን እንደ ሕጉ ጻፈ፦ «ይጻፍ፤ ግን አይነበብ።» እዩት እንግዲህ፣ መሳቢያውን ኮምፒውተር ውስጥም አስገባው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኤዲተሩ የሚረሳ ሆነ። ጠዋት ሲከፈት «ይህን ፋይል ታምነዋለህ?» ይላል። አዎ ይላል መጥረጊያው። ሁልጊዜ? አዎ፣ ሁልጊዜ። ኤዲተሩ መልሱን ጓሮ ይጽፈዋል፤ ጓሮ ስለማይነበብ በማግስቱ ያንኑ ይጠይቃል። እንዲህ እያሉ ሁለቱ ሲማማሉ የመጥረጊያው ሻይ ይቀዘቅዛል።

«ይሄ ኤዲተር ነው ወይስ ኬላ?» አለ ምናለበት። «ትናንት አልፈህ የለ እንዴ?»

«ፋይሌ ንጹሕ ነው» አለ መጥረጊያው። አሁንም አዎ ብሎ ተጫነ።

ሚስቱም ጓሮው በተሠራበት ዕለት ማታ ወደ ሴቲንግ ገጹ ተመለሰች። ከቁጥሩ ሥር «ማስታወሻ» የምትል ባዶ ሳጥን እንዳለች ልብ ብላ ነበር። ምክንያቷን እዚያ ጻፈችና አስቀመጠችው። በማግስቱ ማታ ስታየው ፊደሉ ተመልሶ አንሷል። መስመሯ ጓሮ መቅረቷን አታውቅም፤ ምክንያት ያላትን መስመር አጥፍቼ አላውቅም ሲል በጆሮዋ ሰምታው ነበርና አንጀቷ አረረ። እልኸኛ ነች፤ ደግማ ጻፈች። ረቡዕ ማታ፣ እሱ ለነገው ሸሚዝ ሲተኩስ፣ ከበፊቱ ረዘም አድርጋ ሌላ ምክንያት ጻፈችና በቀድሞው ቦታ ተካችው።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ፕሮግራመሮቹ ብቻ ሳይሆኑ የሒሳብ ክፍሎቹም፣ ስልክ ክፍሎቹም መጥተዋል፤ ኃላፊዋ ሻይና ኬክ እንዳለ አስነግራ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከስልክ ክፍል ሰዎች ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምናለበት ኬኩ አጠገብ ነው።

መጥረጊያው ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘና ሴቲንጉ የሚቀመጥበትን ፎልደር ዝርዝር አወጣ። መጨረሻ የተጻፈው ፋይል ነው አናት ላይ የሚወጣው፤ ጓሮው እስኪመጣ ድረስ አናት ላይ ከሴቲንግ ፋይሉ ሌላ ወጥቶ አያውቅም። የትናንት ማታው የሚስቱ ጽሑፍ ግን ጓሮውን አናት ላይ አውጥቶታል። «ሴቲንግ» የሚለውን አየ። ከዚያ ወዲያ ያለችውን ጭራ በዚያች አሥራ አንድ ፊደል ማን ያያታል? ተጫነ። ከዚያም ለግድግዳው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ግድግዳ እያየ የሚያነብ ሰው ሥራውን የማያውቅ ነው ብሎ ያምናል።

«መጀመሪያ የምታዩት ሰላምታ ነው» ብሎ ጀመረ። «ፋይሉን የሚከፍት ሰው እንግዳ ነው፣ ክብር ይገባዋል።»

ከጀርባው ግድግዳው ላይ «ይህን በእጅ አትንካ፤ ከተሳሳትክ ይበላሻል» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ከሒሳብ ክፍል አንዷ ሳቀች። መጥረጊያው በአነጋገሩ የሳቀች መስሎት ደስ አለው።

«ቀጥሎ እንደምታዩት ትርፍ ቃል የለም። የተደጋገመ ነገር የለም።»

ግድግዳው ላይ የታመኑ ፋይሎች ስም ተደርድሯል፤ አንዱ ፋይል ታምኖ፣ ደግሞ ታምኖ፣ አሁንም ታምኖ፣ ቅንፉ ከቅንፍ ላይ ተደራርቦ። አዳራሹ በሳቅ ተነቃነቀ። መጥረጊያው እጁን አንስቶ አረጋጋቸው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ መሆኑን አያውቅም ነበር።

«እንደኔ ነው እኮ» አለ ምናለበት አፉን በኬክ ሞልቶ። «አንድ ዓይነት ነን።»

«በዚህ ፋይል ውስጥ» አለ መጥረጊያው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማሽን የጻፈው አንድም መስመር የለም። ከላይ እስከ ታች የሰው እጅ ነው። እያንዳንዷ መስመር ለምን እንዳለች ራሷ ትናገራለች።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሰዎች አንብበው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደርሰዋል። ከፊት የተቀመጡት እርስ በርስ ተያዩና አንገታቸውን ደፉ። ኃላፊዋ ከቦርሳዋ መነጽር አውጥታ አደረገች። መጥረጊያው መነጽር እንዳላት አያውቅም ነበር።

«የመጨረሻዋን መስመር አንብብልን» አለችው።

«የመጨረሻዋ ‹እዚህ ላይ ያበቃል› የምትለው ናት።»

«አይደለችም። ዞር በልና አንብባት።»

ዞረ። ግድግዳው ሩቅ ነው፣ ፊደሉም እያንዳንዱ መዳፍ ያክላል። ቅርቡን እንጂ ሩቁን ማየት አላቃተውም ነበርና ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየው። ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ያለ የጠራ ፊደል ካየ። ከደስታው የተነሳ ልቡ ሳይቀድም አፉ ማንበብ ጀመረ፣ ያውም ጮክ ብሎ።

«የፊደል መጠን፣ አሥራ ስምንት። ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ዓይኑ ደክሟል። ስነግረው አይሰማኝም። ምክንያት ያላት መስመር አላጠፋም ስላለ ምክንያቱ ይኸው። ማታ ማታ ራሱን እያመመው ሲገባ ማየት አልቻልኩም። ቢያጠፋትም ነገ ደግሜ እጽፋታለሁ።»

አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው ያነበበውን የሰማው። ጆሮው ጋለ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታውን አይችለውም ነበር፤ የአዳራሹ ወለል ግን ሲሚንቶ ነው።

«ማን ነው የጻፈው?» አለች ኃላፊዋ፣ ግልጽ ቢሆንም።

«ባለቤቴ ናት» አለ። «ፋይሉም... ይሄ ፋይሉ አይደለም። ጓሮው ነው።»

«የምን ጓሮ?»

«የማይነበበው።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

«ዓይንህስ?» አለች ኃላፊዋ።

«ቅርብ ያለውን አላይም።» ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። አንዴ ከወጣ ደግሞ የቀረውም ተከታትሎ መጣ። «ስልክ ክፍል እንዳልላክ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ከሁለተኛው ረድፍ ጋሼ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ተነሱ።

«ስልክ ክፍል ምን አደረገህ፣ ልጄ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መነጽር ባደረጉ በወሩ ነው ያዛወሩዎት።»

«እኔን? ማንም አላዛወረኝም። ለምኜ ነው የሄድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ማሽን ሲሰድበኝ ኖሬ፣ አሁንስ ሰው ቢሰድበኝ ይሻላል ብዬ። ሰው ቢያንስ ሰድቦህ ሲያበቃ ደህና ዋል ይልሃል።» ተቀመጡና እንደገና ተነሱ። «ምነው አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ኖሮ። ከአንተ ሁለት በር አልፎ ነው እኮ ያለሁት።»

ኃላፊዋ ወደ ሕዝቡ ዞረች። በአሥራ አንድ ፊደል ማንበብ የሚያስቸግረው ካለ እጁን ያውጣ አለች። ማንም አላወጣም። ጣሪያ የሚያይ ጣሪያ ያያል፣ ጫማውን የሚያይ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ምናለበት «ምናለበት» ብሎ እጁን አወጣ። ከዚያ አንዷ፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት ሦስቱ፣ እያለ ግማሹ አዳራሽ እጁን ሰቀለ። ለካ ሁሉም በየጠረጴዛው ዓይኑን እያጠበበ፣ ሁሉም ብቻዬን ነኝ እያለ፣ ሁሉም ስልክ ክፍልን እየፈራ ኖሯል። የስልክ ክፍል ሰዎች ቅር ብሏቸው ኬካቸውን ቀጠሉ።

ወጥ ፋይሉ ተመረጠ። አንዲት መስመር ብቻ ያላት ፋይል ናት፤ የፊደል መጠን፣ አሥራ ስምንት፣ ከነማስታወሻዋ። ኃላፊዋ ማስታወሻዋ እንዳትነካ ብላ አዘዘች። እስከ ዛሬ አዲስ ተቀጣሪ በመጣ ቁጥር ኤዲተሩን ከፍቶ ካየ በኋላ «ባለቤቴ የተባሉት ሰውዬ ማናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጥረጊያው ዋናው ፋይል፣ ዕድሜውን ያፈሰሰበት፣ ያን ቀን ሳይከፈት ቀረ። ማንም ክፈተው አላለውም። ይህ ከውርደቱ በላይ ቆረቆረው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሸሚዙን አይታ ነገር መበላሸቱን አወቀች።

«መስመርሽን አነበብኳት» አላት።

«የት?»

«አዳራሽ ውስጥ። ጮክ ብዬ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አዋረድኩህ?»

«አይ። አንቺማ ምክንያት ጻፍሽ።» ወደ ኩሽና ገባና መሳቢያውን ከፈተው። ተጨናንቆ ስለነበር እየተንገራገጨ ነው የወጣው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እጁን ዘርግቶ አነበባቸው። የቧንቧ ሠራተኛው ይጠራ። ለእናትህ ደውል። የቀሩት በሙሉ ማለት ይቻላል የዓይን ሐኪሙ ነበሩ። ሚስቱ ስንቱን ቀን ቆማ እንደጻፈቻቸው አሰበና አፈረ፤ ከአዳራሹ የበለጠ አፈረ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ የዓይን ሐኪሙ ያዘዘለትን አዲስ መነጽር አድርጎ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ቧንቧው ተጠግኖ ዝም ብሏል። ጓሮው እንዲነበብ አዘዘ፤ ፊደሎቹም አደጉ። ከዚያ ሰው ሳይከፍትለት የቀረውን ፋይሉን ከፈተ። ሌላው ባያየው እሱ ሊያየው፣ በጠራ ዓይን ሊጠግበው ፈልጎ ነው።

ሰላምታው በቦታው አለ። «ጠቋሚው አይርገብገብ» አለ። ዝቅ ሲል ደግሞ «ጠቋሚው አይርገብገብ» አለ። ከዚያም ዝቅ ብሎ ሦስተኛው። ሳያየው ሲቀር የጠፋ መስሎት ደግሞ ደጋግሞ ጽፎታል። በመካከላቸው አውራ ጣቱ ያረፈበት አንድ ፊደል ከዳር እስከ ዳር ተሰልፏል። «ሜኑ አይታይ» ከሚለው በላይ የተጻፈው ምክንያት «ከዚህ የሚበልጥ ለሕፃናት ነው» ይላል። ግማሽ ላይ የተቆረጡ ምክንያቶች አሉ። የትኛው መስመር ምክንያቱን እንደጣለ፣ የትኛው ምክንያት መስመሩን እንዳጣ አይታወቅም። እየፈራ ወደ ግርጌው ወረደ። «እዚህ ላይ ያበቃል» የምትለው የለችም። ኤዲተሩ የጻፈውን ሲጠርግ፣ ከአንዱ ጠዋት ባንዱ፣ እሷንም አብሮ ጠርጓታል። በቃሉ ሲወጣው የኖረው ፋይል እንግዲህ በቃሉ ብቻ ነው ያለው።

ሚስቱ ከኋላው መጥታ ትከሻው ላይ እጇን አሳረፈች። አብራው አነበበች። ሳቋን ለመያዝ ታገለች።

«ማሽኑ አይደለም የጻፈው» አላት። «እኔው ነኝ። ከላይ እስከ ታች የሰው እጅ ነው ብያቸዋለሁ።»

«አልዋሸህም» አለችው።

በዚህ መሃል ኤዲተሩ፣ ፋይሉ አዲስ መስመር ስለገባበት፣ እንደ ልማዱ ከስክሪኑ ሥር ጥያቄውን አወጣ። ስንት ጠዋት ሳያነበው አዎ እያለ ያለፈው ጥያቄ አሁን በአሥራ ስምንት ፊደል ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ «ይህን ፋይል ታምነዋለህ?»

መጥረጊያው ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ምን ልበለው?» አላት።

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምንም አትበለው» አለችው። «ቆይ መጀመሪያ አብረን እናንብበው።»